ከቤት ስለሚሰረቅ ሞተር ሳይክልና ስለ ነጋዴው ኀላፊነት

የከተማ ንግድ እየሰፋ በሄደ መጠን ሞተር ሳይክል ከነጋዴው የሥራ መሣሪያዎች አንዱ ለመሆን መብቃቱ የታወቀ ነው። ከመደብር ወደ ደንበኛ ቤት ዕቃ የሚያደርሰው፣ ከባንክ ወደ ጉምሩክ ሰነድ የሚያመላልሰው፣ ባለሱቁም ማለዳ ወደ መርካቶ ወርዶ የጎደለውን ዕቃ የሚያሟላበት ይኸው ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ነው። ዳሩ ግን ቀን በሥራ ላይ ሲውል የሚያየው ዐይን ብዙ ቢሆንም፤ ማታ ጠባቂው ማን እንደ ሆነ በውል ያልተወሰነ የንግድ ንብረት ቢኖር እርሱ ነው። መደብሩ በብረት መዝጊያ ይዘጋል፤ ገንዘቡ ባንክ ይገባል፤ መጋዘኑ ዘበኛ አለው። ሞተር ሳይክሉ ግን ሞተረኛው ከሚኖርበት የኪራይ ግቢ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጥግ፣ በአንድ ጓጉንቸር ታስሮ ያድራል። ሌሊት የተሰረቀ እንደ ሆነም ጠዋት በመደብሩ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ሰረቀው?» የሚል ሳይሆን «ማን ይክፈል?» የሚል ነው።

በብዙ መደብሮች ልማድ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ወዲያው ይሰጣል። ዕቃው በሞተረኛው እጅ ሳለ ጠፍቷልና እርሱ ይክፈል ይባላል፤ ከዚያም ወር በመጣ ቍጥር ከደመወዙ እየተቈረጠ ይኖራል። ይህ ልማድ ፍትሕ ይምሰል እንጂ ፍትሕ አለመሆኑን ነጋዴው በሌላው ንብረቱ ላይ ከሚያደርገው ሊረዳው ይችላል። መጋዘኑ ሌሊት ተሰብሮ ጣቃ ጨርቅ ቢወሰድ የመጋዘኑን ጸሐፊ የጨርቁን ዋጋ ክፈል አይለውም። ሞተር ሳይክሉ የት ይደር ብሎ የወሰነው ነጋዴው ነው። ከመደብሩ ውስጥ ቢያሳድረው ቦታ ይይዝበታል፤ ማደሪያ ቢከራይለት ወጪ ይሆንበታል፤ ሞተረኛው ደግሞ በማለዳ ከቤቱ በቀጥታ ወደ ደንበኛ ቢሄድ ጊዜ ይተርፍለታል። ስለዚህ ይዞት እንዲገባ ፈቀደ፤ አንዳንዴም አዘዘ። ሞተረኛው በበኩሉ ለዚህ ማሳደር አንዲት ሳንቲም አይከፈለውም። ጥቅሙ የመደብሩ ሆኖ ሳለ ሥጋቱ በደመወዝተኛው ትከሻ ላይ የሚወድቅበት ምክንያት አይታይም።

እርግጥ ነው፤ ሠራተኛው ቁልፉን ከሞተሩ ላይ ትቶ ቢተኛ፣ ወይም ከመሸ በኋላ ለግል ጉዳዩ ይዞት ወጥቶ ከመጠጥ ቤት በር ላይ ቢያቆመው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከሌባው ጋር ተማክሮ ቢገኝማ ጉዳዩ የፖሊስና የፍርድ ቤት ነው። ከነዚህ ውጭ፣ እንደ ታዘዘው ቈልፎ አስገብቶ የተኛ ሰው ሌሊት አጥር ተቀድዶ ለተወሰደ ንብረት ዕዳ የሚሆንበትን ምክንያት ነጋዴው በቅን ልቡና ቢመረምር አያገኘውም።

ሕጉም ቢሆን እንደ ፈቀደ እንዲቈርጥ አይለቀውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ ገንዘብ ለመቀነስ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲወሰን፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ መሆኑን ይደነግጋል። ከነዚህ አንዱ ቢሟላም የሚቀነሰው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ይህን በቍጥር ማየት ይጠቅማል። ሞተር ሳይክሉ 180,000 ብር ያወጣል፤ የሞተረኛው ደመወዝ በወር 9,000 ብር ነው እንበል። ሲሶው 3,000 ብር ስለ ሆነ ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቀው በ60 ወር፣ ማለት በ5 ዓመት ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ 5 ዓመት የሚቀመጥ ሞተረኛ አይገኝም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፤ ነጋዴውም ሞተሩንም፣ የደንበኞቹን ቤት አንድ በአንድ የሚያውቀውንም ሰው በአንድነት ያጣል። እንግዲህ ልማዱ ኢፍትሐዊ ብቻ ሳይሆን ሒሳቡም የማይወጣ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚሻለው ነገሩ ሳይደርስ አንዲት ገጽ ወረቀት መጻፍ ነው። ሞተሩ ማታ የት እንደሚያድር፣ በምን እንደሚታሰር፣ ሁለተኛው ቁልፍ ከማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ መንዳት የተፈቀደ ወይም ያልተፈቀደ መሆኑ፣ ቸልተኝነት የሚባለውም ምን እንደ ሆነ በግልጽ ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙ። ሞተረኛው ቤት እንዲያድር ከተወሰነም ለማሳደሪያው ጥቂት አበል ቢጨመርለት ተገቢ ነው። አበል የሚቀበል ሰው ኀላፊነቱን ያውቃል፤ አበል የሚከፍል ነጋዴም ግቢውን ሄዶ ለማየት ፊት ያገኛል።

አሁን ወደ መድን ጉዳይ መምጣት ይገባል፤ በዚህ ረገድ በነጋዴው ዘንድ ያለው ስሕተት ከፍ ያለ ነውና። «ሞተሩ መድን አለው» ብለው በሰላም የሚተኙ አያሌ ባለሱቆች አሉ። ያላቸው ግን ተሽከርካሪ ሁሉ በግዴታ የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነው። ይህ መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 799 መሠረት የሚሰጥ ሲሆን፣ ዓላማው ተሽከርካሪው በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወት ወይም ንብረት ላይ ጉዳት ቢያደርስ ተጐጂው እንዲካስ ነው። ሞተሩ ራሱ ቢሰረቅ ለባለንብረቱ የሚከፍለው ነገር የለም። ለስርቆት የሚከፍለው ነጋዴው በፈቃዱ፣ ተጨማሪ ዐረቦን ከፍሎ የሚገባው ውል ነው። ይህም ቢሆን ሲፈረም መነበብ ያለባቸው ቃላት አሉበት። ሞተሩ ሌሊት ከግቢ ውጭ ቢያድር፣ ቁልፍ ተትቶበት ቢገኝ፣ ወይም መለዋወጫው ብቻ ተፈትቶ ቢወሰድ ኩባንያው ይከፍላልን? መልሱ ከውል ውል ይለያያል፤ ነጋዴው ጥያቄውን የሚጠይቅበት ቀን ግን ዐረቦን የሚከፍልበት ቀን እንጂ ከስርቆት በኋላ ያለው ቀን መሆን የለበትም።

ሌላው ነገር የዋጋ ጉዳይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1243 በብዙ ክፍሉ ሲተካ ስለ መድን የሚናገረው ክፍል በለውጡ አልተነካም። በዚህም ሕግ መሠረት የዕቃ መድን የካሳ ውል ነው፤ ካሳውም አደጋው በደረሰበት ቀን ዕቃው ካለው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ያን ዋጋ ያህል ይገኛል ማለት አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 1 የአሜሪካን ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን ከአስመጪ የበለጠ የሚያስታውሰው የለም። የሞተር ሳይክልና የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ተነሥቷል። የመድን ውሉ ግን በብዙ መደብር በአሮጌው ዋጋ እንደ ተጻፈ በየዓመቱ ይታደሳል። ዛሬ 200,000 ብር የሚያወጣ ሞተር በ100,000 ብር መድን ቢገባ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲሰረቅ የሚገኘው ከ100,000 ብር አይበልጥም፤ 40,000 ብር የሚያወጣ መለዋወጫ ብቻ ቢወሰድ ደግሞ ኩባንያው ባለንብረቱን የግማሹ መድን ሰጪ ራሱ እንደ ሆነ ቈጥሮ 20,000 ብር ብቻ ሊከፍለው ይችላል። ከዚያም ላይ ባለንብረቱ ራሱ እንዲሸከመው በውሉ የተጻፈው ድርሻ ይነሣለታል። ዐረቦን ለመቈጠብ ሲባል ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ በሰላሙ ጊዜ ብልህነት ይመስላል።

ስለ ወረቀት ከተነሣ ዘንድ የውክልናውን ነገር ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። አሮጌ ሞተር ሲገዛ ሻጭና ገዢ ወደ ውልና ማስረጃ ሄደው፣ ግብሩን ከፍለው፣ ሊብሬውን በአዲሱ ባለቤት ስም ማዛወር ሲገባቸው፣ ገዢው ውክልና ብቻ ይዞ መንዳት የተለመደ ሆኗል። ሞተሩ በሰላም እስካለ ድረስ ችግሩ አይታይም። የተሰረቀ ዕለት ግን ፖሊስ «ባለቤቱ ማነው?» ይላል፤ መድን ሰጪውም እንዲሁ ይላል፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሰው ምናልባት ከአገር ወጥቷል፣ ወይም ሞቷል፤ ሰውየው ከሞተ ደግሞ ውክልናውም አብሮ ይቀራል። በስም ማዛወሪያ ወጪ የተቈጠበው ጥቂት ሺህ ብር ሙሉውን ንብረት ያስከትላል። ለመደብር ሥራ የሚውል ሞተር በመደብሩ ባለቤት ወይም በድርጅቱ ስም ሳይመዘገብ ከግቢ እንዳይወጣ ማድረግ የነጋዴው ጸሐፊ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል።

ሌባው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅም አይጐዳም። ሌሊት ሞተር የሚሰርቅ ሰው ከግቢው ውስጥ አያስነሣውም፤ ድምፁ ሰፈሩን ይቀሰቅሳልና። የመሪውን መቈለፊያ በጉልበት ጠምዝዞ ይሰብራል፤ ማርሹን ነጻ አውጥቶ በእጁ እየገፋ ወደ መንገድ ያወጣዋል። የተለመደው ባለ 150 ሲሲ ሞተር ክብደቱ ከ110 እስከ 140 ኪሎ ግራም ስለሚሆን ሁለት ሦስት ሰዎች አንሥተው ፒክአፕ ላይ ለመጫን አይቸገሩም። እንግዲህ በመሪ መቈለፊያ መታመን ከንቱ ነው። ፊተኛውን ጎማ ከራሱ ጋር ብቻ በሰንሰለት ማሰርም እምብዛም አይረዳም፤ ተሸክመው ይሄዳሉና። የሚረዳው ሞተሩን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ማያያዝ ነው። የፌሮ ብረት እንደ ቀለበት ታጥፎ በሲሚንቶ ወለል ውስጥ ቢቀበር፣ ወፍራም ሰንሰለትም በሞተሩ አጥንት ውስጥ ዐልፎ ከዚያ ቀለበት ጋር ቢቈለፍ ወጪው ከአንድ ጎማ ዋጋ ብዙ አይበልጥም። ጓጉንቸሩ መሬት ላይ ተጋድሞ አይቀመጥ፤ መሬቱን ተደግፎ በመዶሻ ይመታል። በሸራ መሸፈንም ተራ ነገር መስሎ ይታይ እንጂ፣ በአጥር ቀዳዳ የሚያይ ሰው ያለው አዲስ ይሁን አሮጌ እንዳይለይ ያደርገዋል። ያለበትን ቦታ በስልክ የሚናገረው ጂፒኤስ የሚባለው መሣሪያ ሞተሩ ከተሰረቀ በኋላ ለማግኘት ይረዳል፤ ሌባው የሞተሩን ባትሪ ቢነቅል እንዳይጠፋ ግን የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሰረቅ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። በጥንት ጊዜ ሌባ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ አውጫጪኝ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬም በየሰፈሩ ወሬው ሲዞር፣ ጐረቤት ሲጠየቅ፣ ጠንቋይ ዘንድ የሚሄድም አይጠፋም፤ በዚህ መካከል እኩለ ቀን ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሞተረኛው ማለዳ ቦታው ባዶ መሆኑን እንዳየ አሠሪውን ፈርቶ እስከ ረፋድ የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ «ትከፍላለህ» መባሉን ስለሚያውቅ ነው። ዕዳው በእርሱ ላይ የማይወድቅ መሆኑን አስቀድሞ ቢረዳ ኖሮ በዚያችው ደቂቃ ይደውል ነበር። ከላይ የተነገረው ልማድ ሌባውን የሚጠቅምበት መንገድ ይኸው ነው።

ነጋዴው በዚያ ጠዋት ወደ አቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ የሊብሬውን ቅጂ፣ የሰሌዳውን፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቍጥር፣ ቀለሙንም፣ መለያ የሚሆን ጭረት ወይም ብየዳ ካለው እርሱንም ጭምር ጽፎ መያዝ አለበት። ማመልከቻው መመዝገቡን የሚገልጽ ማስረጃ ሳይቀበል አይመለስ። በዚያው ቀን ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ያስታውቅ፤ በውሉ የተሰጠው ጊዜ በቀን የሚቈጠር ነውና። እንዲሁም ሞተሩ ለተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የፖሊሱን ማስረጃ አቅርቦ በፋይሉ ላይ ዕግድ እንዲያዝ ይጠይቅ፤ ሌባው በሐሰት ወረቀት ስም ለማዛወር ቢመጣ የሚያዝበት በር እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ «ሞተርህን አግኝተናል፣ ገንዘብ በስልክ ላክ» የሚል ሰው ይደውል ይሆናል። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ስልኩ ይዘጋል፤ ስለዚህ ቍጥሩን ለፖሊስ ማስተላለፍ እንጂ መከራከር አያስፈልግም።

«ሞተሩ አንዴ ሄዷል፣ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ነጋዴዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሞተር ሳይክል በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክል ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ሞተር ሳይክል ለቅሚያና ለዘረፋ መዋሉ ነበር። ኋላም እንደገና ለሥራ የተፈቀደው ፈቃድ ለያዙት ነው። የተሰረቀ ሞተር ለሌላ ወንጀል መዋሉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያን ጊዜ ሰሌዳው የሚያመለክተው ባለሱቁን ነው። ቀድሞ ያመለከተ ሰው በአንድ ወረቀት ይድናል፤ ያላመለከተው ግን ንብረቱን ካጣ በኋላ ተጠያቂ ሆኖ ይቀርባል።

በመጨረሻ የሚቀረው ነገር ነጋዴውን ራሱን የሚነካ ስለ ሆነ ለመናገር አይመችም፤ ዳሩ ግን መነገር አለበት። ሌባ ሞተር የሚሰርቀው ሊነዳው አይደለም፤ ሊሸጠው ነው። ሙሉው ሞተር ቍጥር ስላለበት ለመሸጥ ያስቸግራል፤ ተፈትቶ ግን ጎማው፣ ስፖኪዮው፣ ካርቡራቶሩ፣ የፊት መብራቱ ቍጥር የለባቸውም። ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ስም፣ ከገበያው ዋጋ በግማሽ የሚገዛቸው ማነው? እንደ ሶማሌ ተራና እንደ ምናለሽ ተራ ያሉ ቦታዎች አሮጌ መለዋወጫ በመሸጥ ለብዙ ዘመን ድኻውንም ባለጸጋውንም የጠቀሙ ገበያዎች ናቸው፤ በዚያ የሚሠሩት አብዛኞቹም ቅን ነጋዴዎች መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ጥቂቶቹ ሻጩን ሳይጠይቁ በሚገዙት ዕቃ የሁሉም ስም ይጠፋል፤ ጠዋት ሞተሩን ያጣው ባለሱቅም ከሰዓት በኋላ መለዋወጫ ፍለጋ ወርዶ፣ ሳያውቅ፣ የገዛ ሞተሩን መብራት በገንዘቡ መልሶ ሊገዛ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665 ሲቀጣ፣ በአንቀጽ 682 ደግሞ ከወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ወይም ከሁኔታው ማወቅ ሲገባው ዕቃ የሚቀበለውን ይቀጣል። በግማሽ ዋጋ፣ በምሽት፣ በጆንያ ተጠቅልሎ የመጣ ካርቡራቶር ከየት እንደ መጣ አለማወቅ ይቻላል ብሎ ለዳኛ ማስረዳት ቀላል አይሆንም።

መድኀኒቱ ከባድ አይደለም። አሮጌ መለዋወጫ የሚገዛ ባለሱቅ ሁሉ አንድ መዝገብ ያኑር፤ በዚያም የሻጩ ስም፣ የመታወቂያው ቍጥር፣ የዕቃው ዐይነትና ቀኑ ይጻፍ። መታወቂያ ማሳየት የማይወድ ሻጭ ከነዕቃው ይመለስ። ሞተር ሳይክል የሚያስመጡና የሚገጣጥሙ ነጋዴዎች ደግሞ በዲክላራሲዮን ላይ እያንዳንዱ ሻንሲና ሞተር በቍጥሩ ተዘርዝሮ ስለሚገኝ ለማን እንደ ሸጡት ዝርዝሩን ይዘው ቢቈዩ፣ የተሰረቀ ሞተር ለጥገና ሲመጣ ከአንድ የስልክ ጥሪ በኋላ ሊታወቅ ይችላል። ይህን ዝርዝር ማቈየት ለነርሱ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም፤ ለደንበኛው ግን ሲገዛ ከሚሰጠው ዋስትና ይልቅ የሚጠቅም አገልግሎት ነው።

ምክር ቤቱም በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ከመጨረሻው ገጽ ጥግ ትንሽ ቦታ ቢሰጥ ከአባላት የተሰረቁ ሞተር ሳይክሎች ቍጥር በየሳምንቱ ሊወጣ ይችላል። የባለንብረቱ ስም መውጣት የለበትም፤ የሞተሩ ምልክት፣ ቀለሙ፣ የሻንሲና የሞተር ቍጥሩ፣ ማመልከቻው የተመዘገበበት ፖሊስ ጣቢያ ቢጻፍ ይበቃል። ጋራዡም፣ መለዋወጫ ሻጩም፣ አስመጪውም ያን ዝርዝር ከግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ይህ ሐሳብ ተቀባይነት ካገኘ አባላት ዛሬውኑ የየሞተራቸውን ቍጥር ወረቀት ላይ ገልብጠው ከካዝናቸው ያኑሩ፤ ሲገለብጡም ከሊብሬው ላይ ብቻ ሳይሆን ከመሪው ሥር ካለው ከሞተሩ አንገት ላይ አቧራውን ጠርገው ያንብቡት፤ ሁለቱ የማይገጣጠሙ ሆነው የተገኙ እንደ ሆነም ሳይውል ሳያድር ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሄደው ይጠይቁ።